ማር ይስሐቅ ከወጣበት ጠረፍ

ኩዌት ውስጥ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ማንነት መነጋገር ከነዳጅ ጋር የመጣ፣ ሕንዶችና ፊሊፒኖዎች፣ ግብጾችና እኛ ሐበሾች ይዘነው የገባን ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ክርክር ግን ከእስልምናም ይቀድማል፤ ያነሡትም ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው ናቸው። ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ከኩዌት ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ከተባለበት አንድ ቦታ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ431 ኤፌሶን ላይ የተሰበሰቡት ጳጳሳት የተጣሉት ከድንግል ማርያም የተወለደው ማነው በሚለው ነው። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ንስጥሮስ እመቤታችን ወላዲተ ክርስቶስ ትባል እንጂ ወላዲተ አምላክ አትባልም አለ። አምላክ ተወለደ፣ ተራበ፣ ሞተ ማለት ለመለኮት ክብር የማይገባ መስሎት ነው። የእስክንድርያው ቄርሎስ በበኩሉ የተወለደው ራሱ እግዚአብሔር ቃል ነው፤ ሰው የሆነው ሌላ፣ አምላክ የሆነው ሌላ ከተባለማ ማን አዳነን ብሎ ተከራከረ። ጉባኤው ንስጥሮስን አወገዘ። ጳጳሷን ከእስክንድርያ የምታስመጣው አክሱም ከቄርሎስ ጋር ቆመች፤ በስሙ የሚጠራው «ቄርሎስ» የተባለው መጽሐፍም ቀድመው ወደ ግእዝ ከተመለሱት አንዱ ነው።

በፋርስ ነገሥታት ሥር የነበረችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ ያዘች። ሊቃውንቷ የአንጾኪያን ትምህርት የቀሰሙ ስለነበሩ የክርስቶስ መለኮትና ትስብእት ተለይተው እንዲታወቁ ይፈልጋሉ። ፖለቲካም አለበት፤ የሮማን ቄሣር ሃይማኖት የሚጋራ ክርስቲያን በፋርሱ ንጉሥ ዓይን ሰላይ ነው። በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ስማቸው ንስጥሮሳውያን ሆኖ ቀረ። እነርሱ ግን ስሙን አይወዱትም፤ ቤተ ክርስቲያናቸውን የመሠረተው ንስጥሮስ አይደለምና። ነጋዴዎቻቸውና መነኮሳቶቻቸው በየብስ እስከ ቻይና፣ በባሕር እስከ ሕንድ ዘለቁ። የዛሬዋ ኩዌት ያለችበት ባሕረ ሰላጤ ደግሞ የመተላለፊያቸው መንገድ ነበር። የዐረቢያን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ «ቤት ቃጥራዬ»፣ የቃጥራውያን አገር፣ ብለው ጳጳሳት ሾሙለት። ሕዝቡ በዕንቁ ጠለቃና በጀልባ ንግድ የሚኖር ነበር።

በ615 ገደማ ያው ጥያቄ በእኛው ቤተ መንግሥት ተነሣ። የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ከመካ ሸሽተው አክሱም የገቡት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች በንጉሡ ፊት ቀርበው ስለ ዒሳ ምን እንደሚሉ ተጠየቁ። ከመካከላቸው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ሲያነብ ንጉሡ አለቀሰ ይላሉ። መልሳቸው ይህ ነበር፦ ዒሳ ከድንግል የተወለደ፣ የአላህ ቃል፣ ነቢይ ነው፤ የአላህ ልጅ ግን አይደለም። ዛሬም ኩዌት ወጥ ቤት ውስጥ አንዲት ክርስቲያን ሐበሻና አሠሪዋ ማዳም ቆመው ሲያወሩ ነገሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሁለቱም ማርያምን ይወዳሉ፣ ሁለቱም ልጇን ያከብራሉ፤ መስቀሉ ላይ ሲደርሱ ጨዋታው ይቆማል።

ከኩዌት ከተማ ፊት ለፊት፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ባሕሩ ውስጥ፣ ፈይለካ የምትባል ዝቅ ያለች ደሴት አለች። በጥንት ዘመን የዲልሙን ሰዎች ቤተ መቅደስ ሠርተውባታል፤ ግሪኮች ኢካሮስ ብለዋታል። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በደሴቲቱ መሐል፣ ዛሬ አል ቁሱር በሚባለው ቦታ፣ የዚያችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ሰፈሩ። ቤቶቹ የየራሳቸው አጥር ግቢ ያላቸው፣ እርስ በርሳቸው የተራራቁ ናቸው። ከመካከላቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ከአጠገቡ የማኅበር መመገቢያና ወጥ ቤት ነበር። የእኛን ገዳማት ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም፦ ለብቻ መጸለይ፣ አብሮ መቀደስ፣ አብሮ መብላት። ዛሬ በሹወይኽ ከየብሱ ጋር በተያያዘችው በአካዝ ደሴትም የሌላ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተገኝቷል።

እነዚህ መነኮሳት የኖሩት ዐረብ ሙስሊሞች አገሩን ከያዙ በኋላ ነው። ከ649 እስከ 659 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ (የበላይ አባት) የነበረው ኢሾዕያብ 3ኛ በደብዳቤዎቹ አዲሶቹ ገዥዎች ክርስትናን እንደማይዋጉ፣ እንዲያውም ካህናትንና ገዳማትን እንደሚያከብሩ ይመሰክራል። በእነዚያው ደብዳቤዎች ሆዱን ያቃጠለው ሌላ ነው፤ የራሱ ጳጳሳት አልታዘዝ ብለውታል። የቤት ቃጥራዬ ሰዎች ራሳቸውን ችለው ለመቆም ፈለጉ። ጠቡ ለዓመታት ቆይቶ በ676 ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ 1ኛ ራሱ በባሕር ወርዶ፣ ዛሬ በሳዑዲ ጠረፍ ባለችው በዳሪን ደሴት ጉባኤ ሰብስቦ አስታረቀ።

ይኸው ጊዮርጊስ ይስሐቅ የሚባል የቤት ቃጥራዬ ተወላጅ መነኩሴ የነነዌ ጳጳስ አድርጎ ሾመ። ይስሐቅ በመንበሩ የቆየው 5 ወር ነው። ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ በረሃ ገባ፣ በኋላም በራባን ሻቡር ገዳም ኖረ። ዓይኑ እስኪጠፋ ያነብ እንደነበረ፣ ያስተማረውንም ሌሎች እንደጻፉለት ይነገራል።

ይህ ሰው የእኛው ማር ይስሐቅ ነው።

የአንድምታ ትምህርት አራት ጉባኤያት እንዳሉት የሚያውቅ ያውቃል፦ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። የመነኮሳቱ ጉባኤ ሦስት መጻሕፍት አሉት፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዮስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። የመጀመሪያው ደራሲ የባሕረ ሰላጤው ልጅ ነው። ሁለተኛው የመንቡጉ የፊልክስዮስ ነው እየተባለ ቢነበብም፣ ተመራማሪዎች የሶርያውን ቅጂ ከግእዙ ሲያመሳክሩ የቤት ቃጥራዬው መነኩሴ የዳዲሾዕ ድርሰት ሆኖ አገኙት። ሦስተኛው የዮሐንስ ሳባ፣ እርሱም የዚያችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኩሴ ነው። ቄርሎስን በሊቃውንቱ ጉባኤ ተምሮ ንስጥሮስን ያወገዘ ደቀ መዝሙር ወደ መነኮሳቱ ጉባኤ ሲሻገር የሚማረው፣ የንስጥሮስ ወገኖች ከተባሉት ነው። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

እንዴት ተሻገረ? በኢየሩሳሌም አቅራቢያ ባለው የማር ሳባ ገዳም አብርሃምና ፓትሪክዮስ የሚባሉ ሁለት መነኮሳት የይስሐቅን መጽሐፍ ከሶርያ ቋንቋ ወደ ግሪክ መለሱት። አልፎ አልፎ ለእነርሱ የማይጥሙ የመምህራን ስሞች ሲገጥሟቸው በሌላ ስም ተኩ። ከዚያ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ መጣ። የዳዲሾዕም ድርሰት በፊልክስዮስ ስም መዞሩ የመንገዱ ስንቅ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊልክስዮስ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቃወመ፣ ለእኛ ወገን የሚታመን አባት ነውና። ስሙ ተለውጦ ባይመጣ ኖሮ ማን ያስገባው ነበር?

የተሻገረው ትምህርት ምን ይላል? ይስሐቅ ስለ ባሕርይና አካል ብዙ አይከራከርም። የእርሱ ጥያቄ ክርስቶስ ለምን መጣ የሚለው ነው። ብዙ መምህራን ኃጢአታችንን ሊያስተሰርይ ብለው ይቆማሉ፤ ይስሐቅ ከዚያ አለፍ ይላል። የሥጋዌውና የሞቱ ምክንያት እግዚአብሔር ዓለሙን ምን ያህል እንደሚወድ እንዲታወቅ ነው፤ ለኃጢአት ስርየት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌላም መንገድ መፈጸም ይቻል ነበር ባይ ነው። ርኅሩኅ ልብ ያለው ሰው ለሰው፣ ለአራዊት፣ ለአጋንንት ሳይቀር ዕንባ የሚያፈስስ ነው ይላል። እግዚአብሔርን «ፍትሐዊ» ከማለት «መሐሪ» ማለት ይቀለዋል። በወይኑ አትክልት ምሳሌ ለመጨረሻው ሠራተኛ ሙሉ ደመወዝ የከፈለ ጌታ በምን ሒሳብ ፍትሐዊ ይባላል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ መስቀል የጻፈው ነው። በይስሐቅ ዘመን መነኩሴው በክፍሉ መስቀል አኑሮ ይሰግድ ነበር። ይስሐቅ በብሉይ ኪዳን ታቦት ላይ ያደረው የእግዚአብሔር ኃይል ዛሬ በመስቀሉ ላይ አድሯል፤ ካህናቱ ለታቦቱ በፍርሃት ይሰግዱ እንደነበር እኛም ለመስቀሉ እንሰግዳለን ይላል። ይህ ክፍል ወደ ግእዝ አልመጣም። የሚገኝበት የመጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ጠፍቶ የኖረ ነው፤ በ1983 ሊቁ ሴባስቲያን ብሮክ ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። ታቦት በየደብሩ የሚያከብር ሕዝብ ሳያየው መቅረቱ ያስቆጫል።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን አል ቁሱር ባዶ ቀረ፤ አሸዋውም ለበሰው። በእኛ አገር ግን ክርክሩ ከብዙ ዘመን በኋላም አልበረደም ነበር። ካራ (የተዋሕዶ ወገን)፣ ቅባት፣ ጸጋ እየተባለ መነኮሳት ተወጋግዘዋል፣ ደምም ፈስሷል፤ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወሎ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰብስበው ለተዋሕዶ ፈረዱ። ሦስቱም ወገኖች ማር ይስሐቅን ያነቡ ነበር።

ኩዌት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአል ሳባሕ ቤተሰብ ሥር ከተማ ሆና ስትቆም በጠረፉ ላይ የጥንቱን ገዳም የሚያስታውስ አልነበረም። ክርስቶስን የሚሰብኩ ሰዎች ተመልሰው የመጡት ከአሜሪካ ነው። በ1889 ጄምስ ካንቲንና ሳሙኤል ዝዌመር የዐረቢያ ሚሲዮንን መሠረቱ፤ ባስራ፣ ባሕሬንና ሙስካት ጣቢያ ከፈቱ። ኩዌት ለመግባት ያገዛቸው ሕክምና ነው፤ በ1910 ገዥው ሼህ ሙባረክ የባስራውን ሐኪም አርተር ቤኔትን ጋበዙ። ዝዌመር በብዕር ይሟገት ነበር፤ በ1912 ሙስሊሞች ስለ ክርስቶስ የሚሉትን የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት ኤሌነር ካልቨርሊ የተባለች ሐኪም ከባሏ ከኤድዊን ጋር ኩዌት ገባች። ወንድ ሐኪም ሊያያቸው የማይችል ሴቶች ወደ እርሷ መጡ፤ «ኻቱን ሐሊማ» ብለው ጠሯት። ምጥ ላይ ያለች ሴት ቤት በሌሊት እየተጠራች ገብታለች፤ የወንዶቹን ማጅሊስ ሳይሆን የሴቶቹን ጓዳ አወቀች። ከመጽሐፍ ሙግትና ከአዋላጅነት የትኛው ክርስቶስን ለኩዌት ይበልጥ ገለጠው ቢባል መልሴን ለመናገር አላመነታም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የሚሲዮኑ ሆስፒታል ከባሕሩ ዳር ቆመ፤ ዶክተር ስታንሊ ሚልሪ መራው። በጥቅምት 1920 ኢኽዋን የተባሉት የዐረቢያ በረሃ ተዋጊዎች በኩዌት ያለችውን ጀህራን ሲያጠቁ ከመቶ የሚበልጡ ቁስለኞች ወደዚያ ተወሰዱ። ከተማው ያን ጊዜ ሆስፒታሉን አመነው። በ1931 በግቢው ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ወደ ክርስትና የገባ ኩዌታዊ ግን እጅግ ጥቂት ነበር፤ ሚሲዮናውያኑ ይህን በሪፖርታቸው አልደበቁም። አንዳንዱ ለጋሽ ገንዘቤ ባከነ ብሎ ይሆናል። ማር ይስሐቅ ቢጠየቅ ግን ምን እንደሚል መገመት አይከብድም።

በ1938 ቡርጋን ላይ ነዳጅ ተገኘ፤ በ1946 ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ይፈጥናል። የነዳጅ ኩባንያው ከከተማው ወደ ደቡብ አሕመዲን ሠራ። በ1948 ካቶሊኮች በዚያ ትንሽ ጸሎት ቤት አገኙ፤ በ1956 ኩባንያው ለካቶሊኮች የዐረቢያ እመቤታችንን፣ ለአንግሊካኖች ቅዱስ ጳውሎስን አሠራላቸው። በ1961 በከተማው መሐል የቅድስት ቤተሰብ ካቴድራል ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ኩዌት ነፃ አገር ሆነች። የ1962ቱ ሕገ መንግሥት የእምነት ነፃነት ፍጹም ነው ሲል፣ የአምልኮውን ሥርዓት ከነባሩ ልማድ ጋር አያያዘው። በ1967 የሚሲዮኑ ሆስፒታል ተዘጋ፤ መንግሥት ራሱ ዘመናዊ ሕክምና በነፃ መስጠት ጀምሮ ነበርና ሥራው አልቋል። በ1968 ኩዌት ከቫቲካን ጋር ግንኙነት መሠረተች፤ ከዐረቢያ ልሳነ ምድር አገሮች የመጀመሪያዋ ናት።

በ1982 የዜግነት ሕጉ ተሻሽሎ ሙስሊም ያልሆነ ሰው የኩዌት ዜጋ እንዳይሆን ተደረገ። ቀድሞ ዜግነት ያገኙ ጥቂት ክርስቲያን ቤተሰቦች አሉ፤ የሰዎቹ ቁጥር በጠቅላላ ከጥቂት መቶ አይበልጥም። ከእነርሱ አንዱ፣ ቤተሰቡ ከደቡብ ምሥራቅ ቱርክ የመጣው ኢማኑኤል ገሪብ፣ በ1999 የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሆኖ ተሾመ። ኩዌታዊ ፓስተር ሲሾም የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ በፊት በ1989 የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ፈይለካ ላይ ሲቆፍሩ የአል ቁሱርን ቤተ ክርስቲያን አገኙት። ከግድግዳው በጀሶ የተቀረጹ መስቀሎች ወጡ። በዓመቱ ነሐሴ 1990 የኢራቅ ጦር ገባ፤ የደሴቲቱ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ተባረሩ፤ ቁፋሮውም ተቋረጠ። ቆፋሪዎቹ በ2011 ተመልሰው ሲመረምሩ፣ ቀድሞ የ5ኛውና የ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው የተባለው ገዳም በአብዛኛው ከእስልምና መምጣት በኋላ የተሠራና የኖረ መሆኑ ታወቀ። በሙስሊም አገዛዝ ሥር መስቀል በግድግዳ ላይ ቀርጾ መኖር ይቻል ነበር ማለት ነው። በዚያው 2011 የሚሲዮኑ የድሮ ሆስፒታል ታድሶ «አምሪካኒ» በሚል ስም የባህል ማዕከል ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ነው ኢትዮጵያውያን እየበዙ የመጡት። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከአዲስ አበባ። ከመካከላቸው ሙስሊሞቹ ብዙ ናቸው። ከክርስቲያኖቹ ደግሞ ደላላ በሙስሊም ስም ፓስፖርት አውጥቶላቸው ወደ ዐረብ አገር የሄዱ አሉ። በፓስፖርቱ ፋጡማ፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም የሆነች ልጅ፣ ጌታ በቂሳርያ ደቀ መዛሙርቱን ስለ ማንነቱ የጠየቀውን ጥያቄ ከማንኛውም ሊቅ ይልቅ በቅርብ ታውቀዋለች። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2013 የሠራተኛ ጉዞን አግዶ በ2018 ፈቀደ፤ በመካከሉም ጉዞው አልቆመም፤ መንገዱ ብቻ ከፋ። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በአሠሪዋ እጅ የሆነ ሴት፣ ዕረፍት ካልተሰጣት ቤተ ክርስቲያን መሄድ አትችልም። መዝሙሩን በስልኳ፣ ጾሙን በሆዷ ትይዘዋለች፤ የማዳሟን ሥጋ ወጥ እየሠራች ሁዳዴን የምትጾም ስንት አለች።

ዕረፍት ያላት ዓርብ ትወጣለች። ከ2007 ወዲህ የአገሩ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ፣ ኩዌት ውስጥ ዋናው የክርስቲያኖች ጉባኤ የሚደረገው ዓርብ ነው። ነጠላዋን በፌስታል ይዛ በጥቁር ዐባያ ትመጣና በር ላይ ስትደርስ ነጠላውን ትለብሳለች። ግቢዎቹ ጥቂት፣ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ አንዱ ቋንቋ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ጫማ በር ላይ ይከመራል፣ ሽሮና ዳቦ በሳህን ይዞራል፣ አዲስ የመጣችን ልጅ «እህቴ፣ ከየት ነሽ?» የሚላት አይጠፋም። ከማዳሟ ሸሽታ የመጣች፣ ለሕክምና ገንዘብ ያጠራት፣ ሬሳዋ ወደ አገር የሚላክላት ሁሉ መዋጮ የሚሰበሰብላት እዚያ ነው። የባሕርይ ክርክሩን የሚያነሣ ካለ ቡና ላይ ያነሣዋል፤ በተዋሕዶና በጴንጤ መካከል አልፎ አልፎ ይሟሟቃል።

በኅዳር 2024 ሮም ውስጥ ፖፕ ፍራንሲስ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ማር አዋ 3ኛ በተገኙበት ይስሐቅን በካቶሊክ የቅዱሳን መዝገብ እንደሚያስገቡ አስታወቁ። ከኤፌሶን 1,593 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በነሐሴ 2025 ደግሞ የአሕመዲዋ የዐረቢያ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ባዚሊካ መባሏ ታወጀ፤ በዐረቢያ ልሳነ ምድር የመጀመሪያዋ። በእኛ ዘንድ ማር ይስሐቅ ማንም ሳያውጅለት ስንት ትውልድ «ማር» እየተባለ ተነብቧል።

ስለዚህ ለሊቃውንቶቻችንና ለአሳታሚዎች አንድ ነገር እንለምን። መጽሐፈ ማር ይስሐቅ ዳግመኛ ሲታተም፣ በመቅድሙ ላይ ይህ አባት ከባሕረ ሰላጤው ጠረፍ የወጣ፣ ከእኛ በተለየች ቤተ ክርስቲያን የኖረ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ጠፍቶ የተገኘው ክፍልም ወደ አማርኛ ይመለስ። በኩዌት ከተማ፣ በሳልሚያና በሐወሊ ያሉ የዓርብ ጉባኤያትም መጽሐፉን ገዝተው ያስተምሩበት። ከሌላ አገር የመጣባቸው መጽሐፍ አይደለም፤ ጸሐፊው የተወለደው እነርሱ በሚሠሩበት ባሕር ዳር ነው።